አዲስ ፋይል በአንድ ክሊክ፦ የኮፒ ቤቱ ጥያቄና መልሶቹ

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፈው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለው። ሁለት ልጆች ቀጥሮ ያሠራል። የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምትቀመጥ፣ አንዴ ሲጫኗት ስምና ቀን ያለው አዲስ የወርድ ፋይል ፈጥራ የምትከፍት ትንሽ ፕሮግራም። ነጻ ብትሆን ደግሞ ደስ ይለዋል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ በሦስት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ምክንያቱንም ጻፈ። ልጆቹ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ አዲስ ፋይል አይከፍቱም። የትናንቱን የቤት ኪራይ ውል ይከፍቱና ስሙን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ብሩን ይቀያይራሉ። ሲጨርሱ ኮንትሮል ኤስ ብለው እዚያው ላይ ያስቀምጣሉ። የትናንቱ ውል በዚያው አለቀለት። የትናንቱ ደንበኛ አንድ ኮፒ ፈልጎ ሲመለስ ፋይሉ ውስጥ የሌላ ሰው ስም ነው የሚያገኘው። ይባስ ብሎ በቅርቡ አንድ ውል ሁለተኛ ገጹ ላይ የድሮው ተከራይ ስም ሳይቀየር ታትሞ ወጣ። አከራይዋ መነጽራቸውን አድርገው ሊፈርሙ ሲሉ ነው ያዩት። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ልጁንም ተቆጡት።

1ኛው መልስ በሰላምታ ጀምሮ በምርቃት የሚጨርስ ዓይነት ነው። ፕሮግራም ፍለጋ መድከም እንደማያስፈልግ ይመክራል። ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ኒው፣ ከዚያ ወርድ ዶክመንት። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ምንም አይጫንም፣ ምንም አይከፈልም።

2ኛው ይስማማና አንድ ቅሬታ ይጨምራል። አዲስ ፎልደር ለመፍጠር ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን በቂ ናቸው። ለአዲስ ፋይል ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ እስከ ዛሬ የለም። ዊንዶውስ ላይ ፋይል መፍጠሪያ ትንንሽ ፕሮግራሞች እንደ አሸን የፈሉት ለዚህ ነው ባይ ነው። እውነት አለው። ይህን ክፍተት ማይክሮሶፍት ለምን እንደተወው ለእኔም አይገባኝም።

3ኛዋ ሁለቱንም በትህትና አረመቻቸው። ለዓመታት ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ልጆቹ አሮጌውን ውል የሚከፍቱት አዲስ ፋይል መፍጠር ከብዷቸው አይደለም አለች። አሮጌው ውል ውስጥ ጽሑፉ ስላለ ነው። አንቀጾቹ አሉ፣ የምስክሮች ቦታ አለ፣ ማርጂኑ ተስተካክሏል። ባዶ ገጽ በአንድ ክሊክም ይከፈት በአምስት፣ ሰልፍ ፊት ያለ ልጅ ውሉን ከሀ ብሎ አይጽፍም። ተመልሶ ወደ ትናንቱ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ መፈጠር ያለበት ፎርማት ያለው ፋይል ነው። እሷ ስትሠራ ስም፣ አድራሻና የብር መጠን የሚገቡባቸውን ቦታዎች በቢጫ ሃይላይት ትቀባ እንደነበር ነገረቻቸው። አንድ ቢጫ ከቀረ ፕሪንት የለም።

ክሩ ቁም ነገር ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ የመጡት ጥሩ ጥሩ መልሶች ሁሉ ወይ የእሷን ሐሳብ ያጠናክራሉ፣ ወይ ሳያነቡት ያልፋሉ።

4ኛው አንብቧታል። ፎርማቱ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ሴቭ አዝ ብሎ፣ ከዓይነቶቹ ዝርዝር ውስጥ ወርድ ቴምፕሌት የሚለውን መርጦ ማስቀመጥ ነው ይላል። እንዲህ የተቀመጠ ፋይል ሁለቴ ሲጫኑት ራሱ አይከፈትም። ወርድ ይዘቱን ገልብጦ ዶክመንት 1 የሚል ስም ያለው አዲስ ገጽ ያወጣል። ኮንትሮል ኤስ ሲባል ስም ይጠይቃል። ዋናውን መደረብ አይቻልም ማለት ነው፣ ልጁ ቢፈልግም። የተጠየቀችው ትንሽ ፕሮግራም ወርድ ውስጥ ተደብቃ ኖራለች።

5ኛው አንድ ቀዳዳ አየ። ያንኑ ቴምፕሌት ራይት ክሊክ አድርጎ ኦፕን ያለ ልጅ ግልባጩን ሳይሆን ዋናውን ነው የሚከፍተው። ያኔ ፎርማቱ ይበላሻል። መፍትሔው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ ሪድ ኦንሊ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢከፍተው በሌላ ስም እንጂ በዚያው ስም አያስቀምጥም። ለሁለተኛው ገጽ ጣጣም መላ አለው። ኢንሰርት፣ ኩዊክ ፓርትስ፣ ዶክመንት ፕሮፐርቲ ተብሎ የሚገባ ሳጥን አለ። የተከራዩን ስም በየገጹ በዚህ ሳጥን ካስገቡት፣ አንዱ ቦታ ላይ ሲጻፍ ሌሎቹ ጋ ራሱ ይቀየራል። እኔ ከክሩ ውስጥ አንድ መልስ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። መላውን ያመጣው ሰው ግን አንድም ምስጋና አላገኘም።

6ኛው ወደ ፕሮግራሙ መለሳቸው። ማይክሮሶፍት ራሱ በነጻ የሚያድለው ፓወርቶይስ የሚባል የመሣሪያዎች ስብስብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 0.85 እትሙ ኒው ፕላስ የምትባል መሣሪያ ተጨመረችበት። አንድ ፎልደር ትሰጥሃለች፤ የውሉን፣ የማመልከቻውን፣ የሲቪውን ፎርማት እዚያ ትከታለህ። ከዚያ ወዲያ ራይት ክሊክ ስታደርግ በስማቸው ተደርድረው ይመጣሉ። የተመረጠው ተገልብጦ የቆምክበት ቦታ ይቀመጣል። ሙሉ ፎልደር ከነንዑስ ፎልደሮቹ መገልበጥም ትችላለች። ፋይሉ ስም ላይ ቀን እንድታስገባም ማዘዝ ይቻላል።

ጠያቂው 7ኛ ሆኖ መጥቶ አመሰገነና ችግሩን ተናገረ። ከሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዱ አሁንም በዊንዶውስ 7 ነው የሚሠራው። ፓወርቶይስ ደግሞ ከዊንዶውስ 10 በታች አይጫንም። ማውረጃውም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ለአንድ ራይት ክሊክ ያን ያህል ዳታ ማቃጠል አልዋጥ አለው። ዊንዶውስ 7 ላይ እስከ ዛሬ መቆየቱን ሁለት ሰዎች ወረፉት፣ አንዱ ለከት በሌለው ቃል። ድጋፉ የተቋረጠው ጃንዋሪ 2020 መሆኑን ማስታወስ ጥሩ ነው። ኮምፒውተር መግዣ ብር ግን አብሮ አልተላከለትም።

10ኛው ለአሮጌው ማሽን የሚሆን አመጣ። ራይት ክሊክ ላይ የሚመጣው የኒው ዝርዝር የሚነበበው ሬጅስትሪ ከሚባለው የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ ውስጥ፣ ሼልኒው ከሚባል ቁልፍ ነው። እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የራሱ ሊኖረው ይችላል። ቁልፉ ውስጥ ነልፋይል የሚል ካለ ዊንዶውስ ዜሮ ባይት የሆነ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ነልፋይል ተነስቶ በምትኩ ፋይልኔም የሚል ከገባና የፎርማት ስም ከተጻፈበት ግን ባዶ መፍጠሩን ትቶ ያንን ይገለብጣል። ምሳሌ ሰጠ፦ በኒው የተፈጠረ የወርድ ፋይል መጠኑ ዜሮ ሆኖ የሚታየው፣ የኤክሴሉ ግን ጥቂት ኪሎባይት የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ኤክሴል ባዶ ፋይል ከፍቶ አይሠራም፣ ስለዚህ ከተዘጋጀ ናሙና ይገለበጥለታል። ያንን ናሙና በራስህ ፎርማት መተካት ትችላለህ።

11ኛው ተቆጣ። ኮፒ ቤት ለሚያስተዳድር ሰው ሬጅስትሪ ንካ ብሎ መምከር ኃላፊነት የጎደለው ነው አለ። አንድ ፊደል ቢሳሳት ነገ ኮምፒውተሩ አልነሳ ይላል፣ ያኔ መካሪው የት ሊገኝ ነው? 10ኛው ተመልሶ መጥቶ፣ ከመንካት በፊት ቁልፉን ኤክስፖርት ማድረግ፣ ማለትም ግልባጩን በፋይል ማስቀመጥ፣ እንደሚቻልና ቢበላሽ ያችን ፋይል ሁለቴ መጫን ብቻ እንደሚበቃ በደረቁ አስረዳ። ተከራካሪው አልረካም። 13ኛው ግን ከሁለቱም የተሻለ ተቃውሞ ነበረው። ሼልኒው ለአንድ የፋይል ዓይነት የሚሰጠው አንድ ፎርማት ነው። ውሉም፣ ማመልከቻውም፣ ሲቪውም ወርድ ናቸው። ታዲያ ሬጅስትሪ ድረስ ተገብቶ የሚገኘው የአንዱ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? በዚህ ላይ መልስ የሰጠ የለም።

ከዚያ 14ኛው የቴሌግራም ሊንክ ይዞ ገባ። ሁሉንም የምትሠራ አንዲት ፕሮግራም አለች፣ መጫንም አያስፈልጋትም፣ ከፍላሽ ላይ ትነሳለች አለ። አንቲቫይረስ ቢጮህ ችላ እንዲሉት ጨመረበት። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ጉድ የፈላባት።

15ኛው አንድ አንቀጽ ሙሉ ወረደበት። ኮፒ ቤት የሰፈሩ ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ነው። ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ በዚህች ከተማ ከእጅ ወደ እጅ የዞረው በማን ሆነና? እዚያ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም ማስገባት ለሰፈሩ በሙሉ መርዝ ማደል ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰውን የአይ ላቭ ዩ ቫይረስም አነሳ። የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል የመጣው ፋይል ስሙ ቲኤክስቲ ብሎ ያበቃ ይመስል ነበር። ከኋላው ቪቢኤስ የሚል ሌላ ጅራት ነበረው። ዊንዶውስ ሳይነካካ እንደመጣ ጅራቱን ስለሚደብቅ ሰዉ ተራ ጽሑፍ መስሎት ከፈተው። ኤክስቴንሽን የሚባለውን ይህን ጅራት የሚደብቀውን ምልክት ዛሬውኑ እንዲያነሱት መከረ። ምክሩ ለጥያቄውም ይጠቅማል። ጅራቱ ተደብቆ ሳለ የፋይል ዓይነት በስም ለመቀየር የሚሞክር ሰው ሁለት ጅራት ያለው ፋይል ፈጥሮ ለምን አልከፈት አለኝ ሲል ይውላል።

14ኛው ተከፋ። ለበጎ ብሎ እንጂ ማንንም ለመጉዳት እንዳላሰበ፣ ባለሙያ ነን ባዮች ሰውን ከመርዳት ማሸማቀቅ እንደሚቀናቸው ጽፎ ወጣ። አወያዩ ሊንኩን አነሳና ሁለቱም ረጋ እንዲሉ አሳሰበ። ሊንኩ መነሳቱ ተገቢ ነው። 15ኛው ግን ያችን ሁሉ ቁጣ በግማሽ ቢቀንሳት ኖሮ ሰውዬው ላይመለስ አይሄድም ነበር።

18ኛው ከሜሪላንድ ነው፣ የማክ ሰው። ማክ ላይ ጭራሽ ራይት ክሊክ አድርጎ አዲስ ፋይል መፍጠር እንደሌለ፣ ፎልደር ብቻ እንዳለ በኩራት ይሁን በምሬት በማይለይ ቃና ነገራቸው። ፋይሉ ላይ ጌት ኢንፎ ብሎ ስቴሽነሪ ፓድ የሚለውን ማብራት ግን ይቻላል፤ ሲከፈት ዋናውን ትቶ ግልባጩን ያወጣል። 19ኛው የሊነክስ ሰው፣ እነሱ ጋ ቴምፕሌትስ የሚባል ፎልደር ውስጥ የተጣለ ፋይል ሁሉ ራይት ክሊክ ላይ ራሱ እንደሚመጣና ይህ ሁሉ ሰው ገና አሁን እሱ የነበረበት መድረሱን ጻፈ። ተች ስለሚባለው የሊነክስ ትእዛዝም ተረከ፤ አንድ ቃልና የፋይል ስም፣ አለቀ። 20ኛው የተች ዋና ሥራ የፋይልን ሰዓት ማደስ እንደሆነና ባዶ ፋይል የሚፈጥረው ስሙ ከሌለ ብቻ መሆኑን አረመው። ከዚያ የተለመደው የማክና የሊነክስ ጦርነት። እዘለዋለሁ።

25ኛው ላይ ነገሩ እንደገና ጣመኝ። አንድ ልጅ አውቶሆትኪ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የራሱን ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ጽፏል። ሁለት ቁልፍ ሲጫን የደንበኛውን ስም ይጠይቃል፣ ፎርማቱን ይገለብጣል፣ ፋይሉን በስሙና በኢትዮጵያ ቀን ይሰይማል። የኒው ፕላስ ቀን የፈረንጅ ስለሆነ ለኮፒ ቤት አይሆንም የሚል ነው ክርክሩ። ውሉ ውስጥ ጥቅምት ተብሎ የተጻፈ ነገር ፋይሉ ላይ ኦክቶበር ሲባል ከአንድ ዓመት በኋላ ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ስክሪፕቱንም ሙሉውን ለጠፈው።

26ኛዋ አነበበችውና አንድ መስመር ላይ ቆመች። ልጁ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ነው ያሰላው። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይገባል። የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነበር። ስክሪፕቱ በዚያ ጊዜ ቢሠራ ከዚያ ጀምሮ ለወራት በአንድ ቀን ይስት ነበር። ቀጣዩ እንዲህ ያለ አዲስ ዓመት መስከረም 2020 ዓ.ም. ላይ እንደሆነም አሰልታ አስቀመጠች። ውል ላይ አንድ ቀን ቀላል አይደለም። ልጁ በማግስቱ አስተካክሎ መለሰው፤ እንዲህ ያለ ትዕግስት ያለው ሰው ስላነበበለትም ከልቡ አመሰገናት። የክሩ ምርጥ ንግግር ይህ ነው።

28ኛው በኖትፓድ አዲስ ፋይል ፈጥሮ አማርኛ ሲጽፍ፣ ዘግቶ ሲከፍተው የጥያቄ ምልክት ብቻ እንደሚያገኝ አነሳ። አሮጌው ኖትፓድ ሌላ ካልተነገረው አንሲ በሚባል የፊደል ኮድ ነው የሚያስቀምጠው፤ አንሲ ግዕዝ አያውቅም። ሊጠፋ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ሰው ግን ሳያነብ ኦኬ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ራሱ ግዕዝን በሚያውቀው ኮድ፣ በዩቲኤፍ 8፣ ስለሚያስቀምጥ ችግሩ የለም። ዊንዶውስ 7 ላለው ለጠያቂው ግን አለ። 10ኛው፣ ያ የሬጅስትሪው ሰው፣ አጋጣሚውን አላለፈውም። በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ ባዶ የጽሑፍ ፋይል የሼልኒው ናሙና ከተደረገ በኒው የሚፈጠረው ሁሉ አማርኛ ይቀበላል አለ። እዚህ ላይ ልክ ነው፤ የጽሑፍ ፋይል ከአንድ በላይ ናሙና አይፈልግም።

ከዚያ ወሬው ወደ ፋይል ስም ሄደ። አንዱ የደንበኞቹን ሲቪ የመጨረሻ፣ የመጨረሻ 2፣ አሁን የምር የመጨረሻ እያለ እንደሚያስቀምጥ ተናዘዘ። ሌላው ኃይሉን በሃሌታው ሀ የጻፈ ሠራተኛ ካለ ፋይሉ ሲፈለግ እንደማይገኝ አማረረ። ለዚህ መላው ስልክ ቁጥር ነው፤ የፋይሉ ስም ላይ የደንበኛው ስልክ መጨረሻ አራት አሃዞች ይግቡ የሚል አጭር ምክር መጣ። አጭር ናት፣ ግን የምትሠራ ናት።

አንድ ሰው ደግሞ ኮን የሚል ፎልደር ዊንዶውስ ላይ መፍጠር የሚችል ካለ ብሎ ተወራረደ። ብዙዎች ሞክረው ደነገጡ። ምሥጢር የለውም። ኮን፣ ፒአርኤን፣ ኦክስ፣ ነል የሚባሉት ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ዘመን ጀምሮ የመሣሪያ ስም ሆነው የተያዙ ናቸው፤ ኮን ኪቦርዱና ስክሪኑ ነው። ይህን ያብራራው ሰው ጨዋታ አበላሽ ተባለ።

36ኛው ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ምንም አላወረደም። የ3ኛዋን ቢጫ፣ የ4ኛውን ቴምፕሌትና የ5ኛውን ሪድ ኦንሊ አንድ ላይ አድርጎ ፎርማት የሚል ፎልደር ውስጥ ከትቷል፤ ሾርትከቱ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ቀኑን ልጆቹ በእጅ ይጽፋሉ። የቀኑን ስክሪፕት ሊሞክረው አስቧል፣ ግን ኔትወርክ የሚያውቅ ዘመዱ እስኪመጣ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ያበቃል ስል አንዲት ሴት ሌላ በር ከፈተች። የሰው ውል፣ የሰው መታወቂያ ኮፒ፣ የሰው ሲቪ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ለምን ይቀመጣል? ለሥራ ያስገባችውን ማመልከቻ የሰፈር ልጅ አንብቦት ያውቃል። በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፈችው፣ ንዴቷ ግን ይታያል። 38ኛው አዋጅ ጠቀሰላት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ዳታ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ መያዝ የለበትም የሚል መርሕ ይዟል። አንድ የኮፒ ቤት ባለቤት ተቆጥቶ መጣ። ደንበኛው ራሱ ነው በወሩ ተመልሶ ፋይሌ የት አለ የሚለው፤ አጥፍቼዋለሁ ሲባል ጠብ ይነሳል። 40ኛው አስታራቂ ሐሳብ አመጣ። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ለደንበኛው በቴሌግራም ልኮ ከኮምፒውተሩ ማጥፋት።

41ኛው ሳቀበት። ፋይሉ ከሄደ በኋላ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚለውን ፎልደር አንድ ጊዜ ከፍተው እንዲያዩት ጋበዛቸው። ደንበኛ በቴሌግራም የላከውን ሁሉ ሲያወርዱት እዚያ ነው የሚከማቸው። ሦስት ሰዎች ወዲያው ከፍተው አይተው ያገኙትን ጻፉ። የዲግሪ ኮፒ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የሕክምና ወረቀት። በራሱ ጊዜ የሚያጠፋ ነገር ይኖር እንደሆነ ተጠየቀ። የመጨረሻው መልስ፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ውስጥ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባል እንዳለ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ሳይከፈት 1፣ 14፣ 30 ወይም 60 ቀን የቆየን ፋይል እንዲያጠፋ ማዘዝ እንደሚቻል ይናገራል። የራሳቸውን ነገር ዳውንሎድስ ውስጥ የሚያስቀምጡ ካሉ ግን መጀመሪያ ያውጡ ይላል፣ የማንን መለየት አያውቅምና።